«ሄለን» ወይስ «እሌኒ»?

ጥያቄ፦ የጥንት ግሪኮችን አፈ ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የትሮይ ጦርነት የተነሣባትን ሴት «ሄለን» ልበላት ወይስ «እሌኒ»? ሁለቱ በእርግጥ አንድ ስም ናቸው? ትርጉሙ «ብርሃን» ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ አንድ ስም ናቸው። በዚህ ብቻ እንዳላልፈው የሚያደርገኝ «እሌኒ የሄለን ብልሽት ነው፤ የጥንቶቹ ጸሐፍት መጥራት አቅቷቸው ያጣመሙት ነው» የሚለው አስተያየት ነው። ከተማሩ ሰዎች አፍ ሳይቀር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ስሙን ድምፅ በድምፅ እንየው። በጥንታዊው ግሪክኛ «ሄሌኔ» ነበር። ዘመን ሲገፋ መነሻው «ህ» ከአፍ ጠፋ፤ መድረሻው ረጅም «ኤ» ደግሞ ወደ «ኢ» ዞረ። ስሙ «ኤሌኒ» ሆነ፤ ግሪኮች ዛሬም የሚጠሩት እንዲሁ ነው። የቆስጠንጢኖስ እናት፣ መስቀሉን ያስቆፈረችው ንግሥት፣ በግእዝ መጻሕፍት «እሌኒ» የተባለችው በዚህ አነባበብ ነው። ከልብነ ድንግል ጋር የምትታወሰውና ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችው ንግሥትም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነው። ጸሐፍቱ የሰሙትን ጻፉ እንጂ አላጣመሙም። «ሄለን» ግን በላቲኑ «ሄሌና» አድርጎ፣ እንግሊዝኛ ዘንድ መድረሻው ተቆርጦ የመጣ ነው።

ተከራካሪዬ «ህ»ን እንደሚያነሣብኝ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ «ሄለን» መነሻውን ጠብቃለች። ግእዝም ይህን ድምፅ አልፈራውም፤ «ሄሮድስ» ምስክር ነው። ስለዚህ አንዷ ራሱን፣ ሌላዋ ጅራቱን ይዛ ቀርታለች ማለት ይቻላል። ብልሽት ከተባለ ሁለቱም ተበላሽተዋል። አርመኖች «ሄጊኔ» ሲሉ ሁለቱንም ጫፍ ይዘው መሐሉን ለወጡት፤ ሩስያ «የሌና»፣ ሃንጋሪ «ኢሎና»፣ ዐረብ «ሂላና» አለችው። (በዓይኑ «ዕሌኒ» ተብሎም ይጻፋል። ግሪክኛ ዓይን የሚባል ድምፅ ስለሌለው እኔ አልፋውን እመርጣለሁ።)

ወደ ትርጉሙ ልምጣ። «ብርሃን» የሚሉት ከባዶ አልተነሡም። ከጥንቶቹ የግሪክኛ መዛግብተ ቃላት አንዱ «ሄሌኔ»ን «ችቦ» ብሎ ይፈታዋል። ሮማዊው ፕሊኒም፣ ማዕበል ሲነሣ በመርከብ ምሰሶ ጫፍ ላይ ስለሚታየው እሳት መሰል ብልጭታ ሲጽፍ፣ መርከበኞች ጥንዱን በካስቶርና በፖሉክስ፣ ነጠላውን በሄለን ስም እንደሚጠሩት ይነግረናል። ጥንዱ የደኅንነት፣ ነጠላው የጥፋት ምልክት ነበር። ካስቶርና ፖሉክስ መንትያ ወንድሞቿ ናቸው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ጳውሎስ የተሳፈረበት የእስክንድርያ መርከብ ምልክትም የእነርሱ ነበር። ይሁን እንጂ ያው «ሄሌኔ» የሚለው ቃል በበዓል ቀን ንዋየ ቅድሳት የሚያዝበትን የተጠለፈ ቅርጫትም ይጠራል። ችቦውን አንሥቶ ቅርጫቱን መተው አይቻልም።

ከ«ሰሌኔ»፣ ማለትም ከጨረቃ፣ ጋር የሚያዛምዷትም አሉ። ይህ ቤት መምታት እንጂ ዝምድና አይደለም። በስፓርታ አጠገብ ከሚገኘው የሄለንና የባሏ የምኒላዎስ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ7ኛው ክፍለ ዘመን ትንሽ የነሐስ ሽቱ ማኖሪያ ተገኝቷል። በላዩ የተቀረጸው ስጦታ ለእርሷ የቀረበ ሲሆን ስሟ በ«ው» ድምፅ ይጀምራል፤ በእኛ ፊደል «ዌሌና» ብንለው ነው። «ሰሌኔ» ግን «ነጸብራቅ» ከሚል በ«ስ» ከሚነሣ ቃል የወጣች ናት። በ«ው» የጀመረን ስም በ«ስ» ከጀመረ ጋር የምናጋባበት ሕግ የለም።

ከሁሉ የምወደው የጥንቱን ግሪካዊ ባለ ተውኔት የአይስኪሎስን ፍች ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 በታየው ተውኔቱ፣ ስሟን «መውሰድ፣ መማረክ» ከሚል ግስ ጋር አሳክቶ መርከብ አጥፊ፣ ሰው አጥፊ፣ ከተማ አጥፊ ብሎ ይፈታዋል። ሦስቱንም ቃላት በ«ሄል» ያስጀምራቸዋል። ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ኅብረ ቃል ነው፤ ሰሙ ስሟ፣ ወርቁ ትሮይ። ሥርወ ቃል ነው ብሎ ማስተማር ግን ስሕተት ነው፤ ያ የነሐስ ዕቃ ላይ ያለው «ው» ይህንንም ይቃወመዋል። ዛሬ ብዙ የሥርወ ቃል ሊቃውንት ስሙን ከፀሐይ ሙቀትና ድምቀት ወይም ከመጠምዘዝ ጋር ሊያገናኙት ይሞክራሉ፤ እልባት ግን አላገኘም። «ብርሃን ነው» ብለው በእርግጠኝነት አይጻፉ፤ «ብርሃን ይሆናል» ቢሉ አልቃወምዎትም።

ለትርጉምዎ የቱን ይምረጡ? ልቤ «እሌኒ» ይላል። ለጆሮም ይጥማል፤ የግሪኩንም አናባቢ አልጣለም። ነገር ግን አማርኛ ሥራውን ለሁለቱ አከፋፍሏል፤ «እሌኒ» ሲባል አንባቢ የሚያስበው ቅድስቲቱን ነው፤ የትሮይዋ «ሄለን» ሆና ቀርታለች። ሳልወድ እቀበላለሁ፤ «ሄለን» ይበሏት።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ «ሄለናዊ» የሚለው ቃል ከእርሷ ስም የወጣ እንዳይመስልዎ። እርሱ የግሪኮች አባት ከሚባለው ከወንዱ «ሄሌን» የመጣ ነው። በግሪክኛ የዚያ ስም «ል» ይጠብቃል፣ የእርሷ ይላላል፤ ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ ሁለቱ በጽሕፈት ይቀላቀላሉ። ከገጹ ግርጌ በአንድ መስመር ቢያስታውሱት ይበቃል።