ባይፖላር በኤምአርአይ አይታይም፤ ታሪኩን ይዘሽ ሂጂ

ጥያቄሽ፣ ወንድምሽ በድብርት ሲታከም ከርሞ አሁን ሌላ ሐኪም «ባይፖላር ነው» (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ የሚልበት ሕመም) ማለቱ ነው። ያለ ኤምአርአይ፣ ያለ ደም ምርመራ በምን አወቀ? ነው ያልሽው።

እህታለም፣ ሐኪም አይደለሁም። ታናሼን ዓመታት ያስታመምኩ ነኝ። ባይፖላርን ለይቶ የሚያሳይ የደምም የራጅም ምርመራ የለም። ደም ቢወሰድ ሌላ በሽታ አለመሆኑን ለማጣራት ነው፤ ታይሮይድ ሲዛባም ሰው ይቅበጠበጣል። ጫት ይቅማል ወይ ተብሎም ይጠየቃል። አትደብቂ፣ ለፖሊስ አይደለም የምትናገሪው።

ዋናው ምርመራ ከሐኪሙ ጋር የሚደረገው ጨዋታ ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው ከፍ ያለበትን ወቅት ነው፦ ከወትሮው የተለየ ፍንደቃ ወይም ቁጣ፣ ጉልበት፣ ሳይተኙ አለመድከም፣ ማቆሚያ የሌለው ወሬ፣ ብር መበተን። ይሄ 1 ሳምንት ከቆየ ማኒያ ይባላል፤ ሆስፒታል ካስተኛው ቀኑ አይቆጠርም። ቀለል ላለው ዓይነት 4 ተከታታይ ቀን ይበቃል።

ታዲያ መጀመሪያ ለምን ድብርት ተባለ? ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲከፋው ነዋ! ደስ ብሎት ማን ካርድ ያወጣል? ታናሼ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ ምንጣፍ ታጥባለች፣ ሲነጋ ሰፈሩን ቡና ትጠራለች፣ የእቁብ ብሯን ለማታውቀው ሰው ታበድራለች። እናታችን «ተመስገን፣ ዳነችልኝ» አለች። የትኛዋም እናት ትላለች። ለሐኪሙ ግን ይህን የነገረው አልነበረም፤ እሷ ራሷ ደህና ቀኖቼ ናቸው ብላ ነው የምታስባቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮት የሚኖር ሰው ይግባ። እንቅልፉ መቼ ቀነሰ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን ገዛ፣ ከማን ተጣላ፣ በወረቀት ያዢ። መድኃኒት የጀመረበትንም ቀን ጻፊ። የድብርት መድኃኒት ባይፖላር ያለበትን አንዳንድ ሰው ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል፣ በተለይ ብቻውን ሲወሰድ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት፤ ለሐኪሙ ደውሉ። ከዘመድም ጠይቂ። በየቤቱ «ነካ ያደርገው ነበር» የሚባል፣ ጸበል ከርሞ የተመለሰ አንድ አጎት አይጠፋም። በዘር ስለሚሄድ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ጸበሉ ይቀጥል፣ ኪኒኑ ግን አይቅር።

ሊቲየም የሚባለው ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ከታዘዘለት ያኔ ደም በየጊዜው ይመረመራል፤ የመድኃኒቱን መጠን፣ ኩላሊቱንና ታይሮይዱን ለማየት።

እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ ወይም ስለ መሞት ካወራ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ብቻውን ሳትተዪው ያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።