የማኑዋላችንን መቆለፊያ ቀን የት እናስታውቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አምስት ሆነን ለትንንሽ ክሊኒኮች ካርድ ክፍል የሚሆን ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር እንሠራለን። ማኑዋሉን በጎ ፈቃደኞች ወደ አማርኛና ሲዳምኛ ይመልሱልናል። እንዲደርስላቸው ብለን ከሪሊዝ (አዲሱ እትም ከሚወጣበት ቀን) ሁለት ሳምንት በፊት ጽሑፉን እንቆልፋለን፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው አይነካም። በቴሌግራም ግሩፓችን እንናገራለን፤ ግማሹ ሰው ግን «አላየሁም» ይላል። የት እናስታውቅ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ነገር እኔንም አቃጥሎኛል። አንድ ጊዜ የአንድ ፕሮጀክት ማኑዋል ሦስት ሌሊት አምሽቼ ተረጎምኩ። በማግስቱ እንግሊዝኛው ተቀየረ። የቀየረው ልጅ ምንም ክፋት አልነበረውም። የመቆለፉ ማስታወቂያ በግሩፑ ወሬ ተውጦ አላየውም።

ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት ጌትቴክስት በተባለው የትርጉም መሣሪያ፣ በእንግሊዝኛው አንድ ኮማ እንኳ ከተቀየረ ትርጉሙ «ፈዚ» (አጠራጣሪ) ይባልና ይገለላል። ተጠቃሚው የሚያየው እንግሊዝኛውን ነው። የሦስት ሌሊት ሥራዬ እንዲህ ቀረ።

ስለዚህ ግሩፑ ለወሬ ይሁን። ለማስታወቂያ ብቻ ቻናል ክፈቱ፤ ሁለት ሰው ብቻ ይጻፍበት። ደቢያን የተባለው ትልቅ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ለእንዲህ ያለው ማስታወቂያ ብቻ የተለየ የኢሜይል መስመር አለው፤ መልእክት ስለማይበዛበት ሰው ያነበዋል።

ግን ቻናሉ ብቻውን አይበቃም። ተርጓሚው ቀኑን ቢያውቅ፣ ጽሑፉን የሚነካካው ፕሮግራመር ካላወቀ ምን ዋጋ አለው? እሱ ቻናል አይከፍትም። ለውጡን በሚያስገባበት ገጽ አናት ላይ «ማኑዋሉ ተቆልፏል» የሚል ይጠብቀው። የግድ የሚቀየር ነገር ካለም አስቀድሞ ለተርጓሚዎቹ ይንገር። ኡቡንቱ በተባለው የኮምፒውተር ሲስተም ላይ የገጽታ ፍሪዝ (የስክሪኑ ገጽታ የሚቆለፍበት ቀን) ካለፈ በኋላ በስክሪን የሚታይ ጽሑፍ የሚቀይር ሰው ለሰነድ አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ማሳወቅ አለበት።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ «መጋቢት 12፣ ማርች 21» ብላችሁ። ሰዓቱንም እንዲሁ። በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ) 23:59 ማለት እኛ ጋ ከሌሊቱ 8:59 ነው፤ በፈረንጆቹ ቀኑ ተቀይሯል። በዚህ ስንት ሰው ተሳስቷል!

ማኑዋሉን መልሳችሁ ስትከፍቱትም እዚያው ተናገሩ። መቆለፉን ነግረው መከፈቱን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ሰው ደግሞ ተቆልፏል ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ለአማርኛው ሰው ካነሰባችሁ እኔ አለሁ። ቻናሉን ስትከፍቱ ላኩልኝ።