የቅባት መጠኑ ዋጋ ሆኖ ሲነበብ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሱሉልታ አካባቢ ወተት ሰብስቦ ለማቀነባበሪያ በሚያስረክብ ማኅበር ውስጥ ነው የምሠራው። የየዕለቱን ርክክብ በሲኤስቪ፣ ማለትም መረጃው በነጠላ ሰረዝ ተለይቶ በተራ በሚጻፍበት ፋይል እንልካለን፤ ፋብሪካው በዚያ ተነሥቶ ክፍያ ያሰላል። የቅባት መጠን ጨምሩ ስላሉን ጨመርን፤ የገበሬዎቹ ሒሳብ ተዘበራረቀ። አሁን ደግሞ የወተቱን ሙቀት ይፈልጋሉ። በየጊዜው ሁለታችንም ፕሮግራም ከመቀየር እንዴት እንገላገል?»

ጋሼ ካልሽኝ አንቺ ልበልሽ። የላክሽልኝን ሁለት መስመር አይቻለሁ። ድሮ «0147፣ 12.5፣ 58» ነበር፦ የአባል ቁጥር፣ ሊትር፣ የአንዱ ሊትር ዋጋ በብር። አዲሱ «0147፣ 12.5፣ 3.8፣ 58» ሆነ። የፋብሪካው ፕሮግራም ሦስተኛውን ዋጋ ብሎ ማንበብ ነው የለመደው፤ 725 ብር የሚገባው ሰው 47 ብር ከ50 ታሰበለት። እንዲህ ባለ ፋይል የቁጥርን ትርጉም የሚወስነው ተራው ስለሆነ፣ መሐል ላይ የገባ ነገር ከኋላው ያለውን ሁሉ ይገፋል።

ለዛሬ ቅባቱን ወደ መስመሩ መጨረሻ ውሰጂው። ለዘለቄታው ግን ጄሰን ወደሚባለው የመረጃ አጻጻፍ እለፉ፤ እያንዳንዱ መረጃ ስሙን ይዞ ይሂድ። የአባል ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ላኪው፤ ፋይሉን አንድ ሰው በኤክሴል ከፍቶ ካስቀመጠው 0147 የነበረው 147 ሆኖ ነው የሚወጣው።

ስም መለጠፍ ብቻውን አያድንሽም። ተቀባዩ የማያውቀው ስም ሲመጣ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው ፍተሻውን ከልክ በላይ ያጠብቀውና አንድ እንግዳ ስም ሲያይ መልእክቱን በሙሉ ይመልሳል። ከፋብሪካው ጋር የምትስማሙበት የአላላክ ውል «የማታውቀውን ዝለል» ይበል። የፋብሪካው ሰዎች እሺ ቢሉሽ በቃላቸው አትመኪ፤ በሙከራ ሰርቨራቸው ላይ «ቡና፦ 1» የሚል ትርጉም የለሽ ነገር ጨምረሽ ላኪ። ከተመለሰ ገና ናቸው።

ደግሞ ሊዘለል የማይገባው አለ። ነገ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ብትጨምሪና አሮጌው ፕሮግራም ቢዘለው፣ የተሰረዘውን ወተት ቆጥሮ ይከፍልበታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ዓይነት ጭማሪ ለዩ፦ አንዱ ቢታለፍ የማይጎዳ፣ ሌላው ያልገባው ተቀባይ መልእክቱን የግድ እንዲመልስ የሚያዝ። በጤና መረጃ ልውውጥ የሚሠራበት ኤፍኤችአይአርም ተራውን ጭማሪ ትርጉም ከሚቀይረው የሚለየው ለዚሁ ነው።

አንዴ የወጣ ስም ትርጉሙ አይነካ። «መጠን» በሊትር ተጀምሮ በኪሎ ይሁን ከተባለ «መጠን በኪሎ» የሚል አዲስ ስም ይውጣ። የተተወውን ስምም ለሌላ ነገር አትስጪው። ፕሮቶበፍ የሚባለው ቅርጽ በስም ፈንታ ቁጥር ስለሚጠቀም፣ የተሰረዘ ቁጥር ዳግም እንዳይሰጥ ተይዞ ይቀመጣል።

ቀንን በተመለከተ እኔም ተቃጥያለሁ። ቃሊቲ አንድ መጋዘን ስሠራ ጳጉሜን 3 የተላከ ርክክብ «13ኛ ወር የለም» ተብሎ ተመለሰ፤ የጫነው አይሱዙ በር ላይ አደረ። እናንተ ስክሪን ላይ በእኛ አቆጣጠር አሳዩ፤ በመልእክቱ ውስጥ ግን በዓለም አቀፉ አጻጻፍ ይሂድ። ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ማለት 2024-09-08 ነው። የጠዋቱ 12 ሰዓት ርክክብም 06:00 ተብሎ የእኛን የሰዓት ክልል ከሚያመለክተው ከ+03:00 ጋር ይጻፍ፤ አለዚያ የጠዋቱና የማታው ወተት ይምታታል።

ሙቀቱን ገና አትጨምሪ። መጀመሪያ የ«ቡና» ሙከራው ይለፍ፤ ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ፋይል ጎን ለጎን አንድ ሙሉ የክፍያ ዙር ላኩና ድምሮቹን አመሳክሩ። አሮጌው የሚቆምበትን ቀን ደግሞ ዛሬውኑ በጽሑፍ አስፈርሚያቸው፤ ካልሆነ ሁለቱንም ለዓመታት ስትልኪ ትኖሪያለሽ።