ገዴ በዛብኝ፤ እናቴ ፈራች

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? አልሐምዱሊላህ እኔ ደህና ነኝ። ደሴ፣ ሆጤ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ሥራዬን ስነግርዎ እንዳይስቁብኝ እንጂ ሬስሊንግ እንጫወታለን። ያ በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ተኮልኩለን ስናየው የነበረውን ማለቴ ነው። አብዛኞቻችን ከሰርከስ የመጣን ነን። ገመድ፣ ሸራና ፍራሽ አይሱዙ ላይ ጭነን ከከሚሴ እስከ ቆቦ እንዞራለን፤ ትምህርት ቤት ግቢ ወይም ኳስ ሜዳ ላይ ሪንግ ተክለን፣ መግቢያ አስከፍለን እናሳያለን። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመን ተነጋግረን ነው የምንገባው። እኔ «ጦሳ» ነኝ፣ ሁሌም አሸናፊው። የሚሸነፈው «ጅቦ» ነው። አብሮ አደጌ ነው። ጥርሱን በከሰል አጥቁሮ፣ ዳኛውን ከኋላ እየመታ፣ ሕፃናቱን እያስፈራራ ይገባል። መጨረሻ ላይ ከራሴ በላይ አንሥቼ ፍራሹ ላይ እጥለዋለሁ፤ ሜዳው በፉጨት ይናጋል።

ጉዳዬ ወዲህ ነው። በሰሞኑ ዙረታችን የማላውቀው ገድ ተከተለኝ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ መናኸሪያ ዘግይቼ ብደርስ ሚኒባሱ ሞልቶ ጥሎኝ ሄደ። በግኜ ቆሜ አንድ የአይሱዙ ሹፌር «ጦሳ!» ብሎ ጠራኝ። ልጁ ሐይቅ ላይ አይቶን ኖሮ፣ ቤት ውስጥ ከአልጋ ላይ እየዘለለ «ጦሳ ነኝ» ይላል አሉ። ገቢና አስገባኝ፣ ሒሳብ የለም። ሐረጎ ስንደርስ ያ ጥሎኝ የሄደው ሚኒባስ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል፤ ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ ጉም ውስጥ ዳር ይዟል። ኮምቦልቻ ደግሞ የአልጋ ቤቱ ባለቤት «ከጦሳ ገንዘብ አልቀበልም» ብላ ማለች። መርሳ ላይ ፍራፍሬ የምትሸጥ እናት ፓፓያና ብርቱካን በማዳበሪያ ሞልታ አሸከመችኝ። ወልዲያ ዝናቡ ከተማውን ሲያጥበው ውሎ፣ እኛ ልንጀምር ስንል አባራ። እዚያው አንድ የቀለም ሱቅ ባለቤት ከባልዲዎቹ ጋር ፎቶ ተነሣልኝ ብሎ የሳምንት ገቢዬን የሚያህል ሰጠኝ።

የከሚሴው ግን ይገርማል። ሻይ ቤት ስልኬን ረስቼ ሄድኩ። ሻይ የምታፈላው ልጅ በመሐረብ ጠቅልላ የስኳር ጣሳ ውስጥ ደብቃ አቆየችልኝ። ሰው ሲደውል እያነሣች «ስልኩ ተረስቶ ነው፣ ይመጣል፣ ምን ብሎ ደወለ ልበል?» ስትል ውላ፣ የደዋዮቹን ስም በሲጋራ ካርቶን ላይ ጽፋ ሰጠችኝ።

ፍራሻችንም በጣም ሳስቷል፤ እስካሁን አንዳችንም አለመሰበራችን ያው ገዴ ነው እላለሁ።

እናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ «ማሻ አላህ» ትል ነበር። አሁን ፈራች። «እንዲህ የሚከታተል ሲሳይ ዓይን ይጠራል፤ ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ትለኛለች፤ ለእኔ መዝለል ሥራዬ መሆኑን ረስታ። ሙክት ገዝቼ ሰደቃ ካላወጣሁ ብላለች። የሙክት ዋጋ ደግሞ ያውቁታል። የቡድናችን ልጆች ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ግማሾቹ ከእኔ ጋር ለመሳፈር ይሻማሉ።

ዝም ያለው ጅቦ ብቻ ነው። አስተባባሪያችን «ጠላትና ጠላት ከአንድ መኪና ሲወርዱ ከታዩ ሥራችን አበቃ» ስለሚል፣ እሱ ዕቃውን ይዞ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወይም በማታ መኪና ነው የሚመጣው። መርሳ ላይ አንዲት ሴትዮ ሎሚ ወረወረችበት ሲሉኝ እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ሰሞኑን ከትርኢት በኋላ እራትም አብሮን አይቀርብም። ደክሞት ይሆናል። ቀጣዩ ባቲ ነው፣ የአማቶቹ አገር፤ እዚያ እንኳ ደስ ይለው ይሆናል።

እትዬ፣ ሰው ገድ ሲበዛበት መፍራት አለበት? የሚሰጡኝንስ እምቢ ልበል? እናቴን ምን ልበላት?

ጦሳ ነኝ፣ ከደሴ

*

ልጄ ጦሳ፣ አብሽር።

ከሙክቱ ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። እናትህ ሰደቃ ልታወጣ ካሰበች አትከልክላት፤ ሰደቃ ግን በአቅም ነው። ንፍሮ ይቀቀል፣ ዳቦ ይጋገር፣ ጎረቤቱ ይጠራና ቡናው ይፈላ። በረካው እስኪደርስ ቁጭ በል፣ ትልልቆቹ ይመርቁህ። የወሎ እናት ልቧ የሚያርፈው በምርቃቱ እንጂ በሙክቱ ስብ አይደለም። የሙክቱን ገንዘብ ግን እንዳትነካው፣ ኋላ እፈልገዋለሁ።

ስለ ዓይን ከእናትህ ጋር አልከራከርም። ገድ ያልከውን ግን አንድ በአንድ እንየው። የወልዲያው ዝናብና የሐረጎው ሚኒባስ ገድ ናቸው፣ አልክድህም። የከሚሴዋ ልጅ ስልኩን የማንም ቢሆን ትመልሰው ነበር፤ ያ የእሷ ጨዋነት ነው፣ ከአንተ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። (የደዋዮቹን ስም በካርቶን ጽፋ መጠበቋን ሳነብ፣ ይህችን ልጅ አንድ ድርጅት ጸሐፊ አድርጎ ቢቀጥራት ብያለሁ።) የቀረው፣ ማለትም ገቢናው፣ አልጋው፣ ፓፓያውና የቀለሙ ገንዘብ፣ ገድ ሳይሆን ደመወዝ ነው። ሰዎቹ ያዩት ነገር ደስ አሰኝቷቸው ከፍለውሃል። አልፈልግም አትበል። ለሹፌሩ ሒሳብ ዘርጋለት፣ እምቢ ካለ መርቀው። ስጦታ የሚመልስ እንግዳ በአገራችን ኩሩ ይባላል።

ደመወዝ ከሆነ ግን፣ ሥራውን የሠራው ማን ነው?

ከሰርከስ ስለመጣህ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ሰው ከራስ በላይ ሲነሣ አንሺው ብቻውን አያነሣውም፤ ተነሺው በትክክለኛዋ ቅጽበት ዘልሎ ክብደቱን ያቀልለታል። ሲወድቅም አገጩን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሹን አውጥቶ፣ በጀርባው ሙሉ አርፎ፣ በክንዱ ፍራሹን እየመታ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ከሄደ ጨዋታው ያኔ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1987፣ ሬስልማኒያ በሚባለው የአሜሪካኖቹ ትልቅ የሬስሊንግ ትርኢት በሦስተኛው ዙር፣ ሃልክ ሆጋን ግዙፉን አንድሬን አንሥቶ ሲጥለው ዓለም ጉድ አለ። አንድሬ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ያኔ ጀርባውን የሚያመው ሰው ነበር። እሱ «እሺ፣ አንሣኝ» ባይል ኖሮ ሆጋን ሊያነሣው ሲታገል ባደረ ነበር። ስሙ የተነሣው ግን የአንሺው ነው።

አንተ በደብዳቤህ ስለ ራስህ ገድ ብዙ ጽፈህ፣ ጅቦን «ደክሞት ይሆናል» ብለህ አለፍከው። እኔ ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ የቀረው እዚያ ላይ ነው። እንዴት አይድከመው? በየከተማው በጀርባው የሚወድቀው እሱ ነው። ጭነት ላይ ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣውም፣ ሎሚ የሚወረወርበትም እሱ ነው። ከትርኢቱ በኋላ ደግሞ አንተ ፓፓያ ተሸክመህ፣ ነፃ አልጋ ላይ ጋደም ብለህ፣ «ገድ በዛብኝ» ስትል ይሰማል። ከአብሮ አደግ ጋር እራት መብላት የሚቀርበት ድካም አላውቅም።

አስተባባሪያችሁ ስለ መኪና ያወጣው ሕግ የራሱ ፈጠራ አይደለም፤ አሜሪካኖቹም ነበራቸው። ሪንግ ላይ ጠላት የሆኑ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ አብረው መታየት አልነበረባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1987 ኒው ጀርሲ ውስጥ ፖሊስ አንድ መኪና አስቁሞ ቢያይ፣ በትርኢት ላይ ሊጨራረሱ የሚደርሱ ሁለት ተፋላሚዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጓዛሉ። ጉዳዩ ትልቅ ወሬ ሆነ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1989፣ ትርኢቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት ራሱ እዚያው ኒው ጀርሲ የሕግ አውጪዎች ፊት «የምናሳየው መዝናኛ እንጂ ውድድር አይደለም» ብሎ ተናገረ፤ ከስፖርት ተቆጣጣሪውና ከግብሩ ለመገላገል ሲል። ታዲያ ተመልካቹ ቀረ? አልቀረም። የመርሳዋ ሴትዮም ብትሆን ጨዋታ መሆኑ ጠፍቷት አይመስለኝም፤ ተረት ላይ ጅቡ ሲመጣ እንደሚጮህ ልጅ ሆና ነው። ሎሚው እንደ ጭብጨባ ይቆጠር፤ ግን ያረፈው ሰው ላይ ነው፣ ያን ደግሞ አንተ ለጓደኛህ ልትነግረው ይገባ ነበር።

ስለዚህ አስተባባሪያችሁን አነጋግረው። ጅቦ ገቢና ካንተ ጎን ይቀመጥ። አስተባባሪው በጭራሽ ካለ፣ ከተማው መግቢያ ላይ ይውረድና በባጃጅ ይግባ፤ ምስጢሩም ተጠበቀ፣ ወገቡም ዳነ። በስጦታ የሚመጣው ሁሉ እንደ መግቢያው ገንዘብ ለሁላችሁ ይቆጠር። የቀለሙን ብር ግን ከጅቦ ጋር እኩል ተካፈሉ። ወልዲያ ስትመለሱ ለባለሱቁ ሌላ ሐሳብ አቅርብለት፦ ጅቦ በከሰል እጁ ግድግዳውን ሲዳስስ፣ ከሥሩ «ጅቦ እንኳ ያላቆሸሸው ቀለም» ተብሎ ይጻፍ። ካንተ ፎቶ የተሻለ ይሸጣል፣ አትቀየመኝ።

ባቲ ላይ ደግሞ ጅቦ ያሸንፍ።

አትደንግጥ። ሰውየው አማቶቹ ፊት ሊሸነፍ ነው እኮ የሚሄደው! «እዚያ እንኳ ደስ ይለው ይሆናል» ያልከው ምኑን ነው? የሚስቱ ወገን ተሰብስቦ፣ ልጆቹ አያታቸው ትከሻ ላይ ሆነው፣ አባታቸው ተገልብጦ ፍራሽ ላይ ሲዘረር ሊያዩ? የባቲ ሰኞ ገበያ እንደሆነ ከደጋውም ከአፋር ቆላውም ሰው የሚመጣበት ነው፤ ወሬው በማግስቱ የማይደርስበት ቀበሌ የለም። በዚያ ቀን ጥርሱን ያጥበው፣ ከሰሉን አንተ ተቀባ። ዳኛውን ከኋላ የምትመታው አንተ ሁን። ሥራዬን ያበላሸዋል ብለህ እንዳትሰጋ። ያ አንድሬን ያነሣው ሆጋን እንኳ ስንት ዓመት ጀግና ሆኖ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ ክፉዎቹ ወገን ሲዞር ሕዝቡ በብስጭት ሪንጉን በቆሻሻ ሞላው። ሥራው አልሞተም፣ እንዲያውም አዲስ ነፍስ ዘራ። ክፉ ሆኖ መጫወት ከባድ ጥበብ ነው፤ አንተ ትችለው እንደሆነ እስካሁን አልተፈተንክም። ሐሳቡን ለጅቦ የምታቀርብለት ግን እንደ ምጽዋት አድርገህ አይሁን። «አስተምረኝ» በለው። አወዳደቁን እሱ ያሳይህ፤ ይህን ያህል ጊዜ ወድቆ አንገቱን ያተረፈ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ።

አሁን ያቆየሁት ገንዘብ። ፍራሹ ሳስቷል ብለህ አለመሰበራችሁን ከገድህ ጋር ደምረህ ቆጠርከው፤ ከደብዳቤህ ሁሉ ያስፈራኝ ይኸው ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ሲሚንቶ ነው፣ ኳስ ሜዳም በበጋ ከሲሚንቶ አይሻልም። ለእናትህ ንገራት፣ ትስማማለች፦ ሙክቱ ይቅርና ፍራሽ ይገዛበት፣ ከአሮጌው ሥር ሌላ ድርብ ይነጠፍ። ባቲ ከመድረሳችሁ በፊት ግን ውፍረቱን ራስህ ወድቀህ ሞክረው፤ ሰኞ ተነሥቶ የሚጣለው አንተ ነህ።