«ባለ 2 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ላይ ምን ልጫን?» ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር። በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ ዛሬ ሱቅ ከፍቼ ወረፋው ሲቀል ተቀመጥኩለት።

ላላነበበ ሰው በአጭሩ፦ ወንድምሽ ትቶልሽ የሄደ ቶሺባ ላፕቶፕ አለ። ፔንቲየም ዱዋል ኮር ቲ4500፣ 2 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ለመከፈት ብቻ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ልጆቹ የትምህርት ፒዲኤፍ እንዲያነቡበት፣ አንቺም አስተማሪ ስለሆንሽ የፈተና ወረቀት በአማርኛ እንድትጽፊበት ትፈልጊያለሽ። ጥገና ቤት ወስደሽው «ይኼማ ለቆራሌው ስጪው» ብለውሻል። ከስር ደግሞ ሰው ሁሉ በዊንዶውስ ፈንታ ከሚጫነው ነፃ ሲስተም፣ ከሊኑክስ፣ ዓይነቶች አንድ አንድ ስም ወርውሮ አልፏል፤ ሉቡንቱ የሚል አለ፣ ፓፒ የሚል አለ፣ ቦዲ የሚል አለ። አንቺ ግን «ከሁሉም ቀላሉ የቱ ነው?» ብለሽ ነው የጨረስሽው፤ ለማሽኑ የማይከብደው ማለትሽ ነው።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ በኩል፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከአምስቱ ኮምፒውተሮቼ አራቱን ሰው ተማሮ በርካሽ የሸጠልኝ ወይም እንዲያው የሰጠኝ ነው። አራቱም ላይ ሊኑክስ ነው ያለው። እዚህ እስክደርስ ብዙ አበላሽቻለሁ፤ መጀመሪያ ያበላሸሁትም «ከሁሉም ቀላሉ የቱ ነው?» ብዬ በመነሳቴ ነበር።

ያኔ ታይኒ ኮር የሚባል 20 ሜጋ ገደማ የሆነ ሲስተም አገኘሁ። አንድ ዘፈን ቪዲዮ ከዚህ ይበልጣል! ጫንኩት፣ ተነሳ፣ ከዚያ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ለሁሉም ነገር አንቺው ፈልገሽ የምትጨምሪበት ነው። ተውኩትና ወደ ፓፒ ዞርኩ። ፓፒ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ሲጠፋ ባዶ በሚሆነው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ፣ ወጥቶ ስለሚሠራ የነካሽው ሁሉ ብልጭ ይላል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ብሮውዘር እስክከፍት ድረስ። አንድ ፌስቡክ፣ አንድ ኢሜይል፣ አንድ የደንበኛ ቅጽ ከፈትኩ፤ ማሽኑ ቀጥ አለ።

የዚያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ሲስተሙ ከ200 ሜጋ በታች ነበር የያዘው፤ ብሮውዘሩ ብቻውን ከ1 ጊጋ በላይ ወስዷል። በቀላሉና በከባዱ ሊኑክስ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት መቶ ሜጋ ነው፤ ያንን ደግሞ ሁለት ገጽ ስትከፍቺ ይበላዋል። ለዚያች ጥቂት መቶ ሜጋ ብለሽ አሠራሩ ካልለመድሽው፣ አጠገብሽም የሚያውቀው ሰው ከሌለበት ሲስተም ጋር መታገል አያዋጣም።

ፓፒ ጥሩ አይደለም እያልኩ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከፍላሽ ነበር የማስነሳው። በዚያ አሠራር የሠራሽው ራም ላይ ይቆይና ወደ ፍላሹ የሚገለበጠው በየተወሰነ ጊዜ ወይም ስትዘጊው ነው። አንዲት እናት የፍርድ ቤት አቤቱታ እያስጻፉኝ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። በየገጹ ሴቭ እያደረግኩ ነበር፣ ግን ሴቭ ያደረግኩት ራም ላይ ነው። መብራቱ ሲመጣ አንድም መስመር የለም። እሳቸው «ምን ችግር አለው ልጄ፣ እንደገና እነግርሃለሁ» አሉኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ፊቴ ይቀላል።

አሁን ወደ ላፕቶፕሽ። አንድ ነገር ላርም፦ «32 ቢት ነው ይላል» ብለሽ ጽፈሻል። 32 እና 64 ቢት የሚባለው ፕሮሰሰሩ በአንዴ የሚያስተናግደው የመረጃ መጠን ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ብለሽ ስትገቢ «ሲስተም ታይፕ» የሚለው መስመር ሁለት ነገር ነው የሚነግርሽ፤ ከፊት የተጫነውን ሲስተም፣ ከኋላ ፕሮሰሰሩን። ያንቺ ከፊት 32 ይበል እንጂ ከኋላው «ኤክስ64» እንደሚል እወራረዳለሁ፤ ቲ4500 የ64 ቢት ፕሮሰሰር ነው። የጫነልሽ ሰው ነው 32ቱን የጫነብሽ። ይኼ ቀላል ልዩነት እንዳይመስልሽ። 32 ቢት ብቻ የሆኑት ማሽኖች በር እየተዘጋባቸው ነው፤ ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መሥራት ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስም ነሐሴ 2017 ዓ.ም. በወጣው 13ኛ ስሪቱ የ32 ቢት መጫኛውን ተወው። አቶም ኤን270 ያለባቸው እነዚያ ትንንሽ ላፕቶፖች ከዚህ ወገን ናቸው። እነሱን ይዞ ለሚመጣ ሰው አንቲኤክስ 23 የሚባለውን ቀለል ያለ ሊኑክስ የ32 ቢት ስሪት እጭንለታለሁ፤ ተስፋ ግን አላበዛለትም። አንቺ እዚያ ውስጥ የለሽበትም።

ዊንዶውስ 10ን ላቆየው ካልሽ ደግሞ፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። 11ዱ ያንቺን ፕሮሰሰር አይቀበልም፣ ራምም ቢያንስ 4 ጊጋ ይላል። ለ10ሩ 64 ቢት 2 ጊጋ ይበቃል ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ መብቃትና መሥራት ግን ለየቅል ናቸው።

ሲስተም ከመቀየርሽ በፊት ከስር አስከፍቺው። እኔ ጋ ከሚመጡት ቀርፋፋ ላፕቶፖች ግማሹ ፋኑ በአቧራ ታፍኖ ነው፤ በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መካከል አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ይቀመጣል። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እኛ ደግሞ «ዊንዶውሱ ነው» እንላለን። አቧራውን በብሩሽ አውጥቶ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ ቅባት ማስቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እዚያው እያለሽ ራሙን ፎቶ አንሺው። በዚያ ዘመን ከወጡት ቶሺባዎች ዲዲአር2 የሚወስድ አለ፣ ዲዲአር3 የሚወስድም አለ፤ ሳታውቂ ገዝተሽ እንዳትመለሺ። ወደ 4 ጊጋ ከፍ ካደረግሽው፣ ሃርድ ዲስኩንም በ120 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ከቀየርሽው ሌላ ኮምፒውተር ነው የሚሆንልሽ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ አቅሜ ይፈቅዳል ካልሽ ኤስኤስዲውን ግዢ። ራም ሲሞላ ሲስተሙ ትርፉን ዲስክ ላይ እያሰፈረ ነው የሚሠራው፤ ያ ዲስክ የሚሽከረከር አሮጌ ከሆነ ልብ ውልቅ የሚያደርገው መንቀራፈፍ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ምርጫዬን ልንገርሽ። 4 ጊጋ ካደረስሽው ሊኑክስ ሚንት፣ ቀለል ያለ ገጽታ ያለውን የኤክስኤፍሲኢ ስሪቱን። ሠሪዎቹ ራሳቸው ቢያንስ 2 ጊጋ፣ በምቾት ለመሥራት 4 ጊጋ ነው የሚሉት። ከታች በግራ በኩል እንደ ዊንዶውስ ሜኑ አለው፣ ልጆችሽ ሳይጠይቁሽ ይለምዱታል፣ 22ኛው ስሪት ደግሞ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል። በ2 ጊጋው የሚቆይ ከሆነ አንቲኤክስ። እኔ ማሽን ላይ ሚንት ባዶውን ወደ 700 ሜጋ ሲይዝ አንቲኤክስ ወደ 200 ነው የሚይዘው። መልኩ ግን ደረቅ ነው፤ አንዳንዱን ነገር ፈልገሽ ነው የምታገኚው። ኤምኤክስ ሊኑክስ በሁለቱ መሐል ያለ ነው፤ ያለው ሰው ባለው ይቀጥል። የጉግልን ሲስተም፣ ክሮም ኦኤስ ፍሌክስን፣ የጠቀሰልሽ ልጅ ጥሩ አስቦ ነው፣ ግን እሱም 4 ጊጋ ይፈልጋል፤ ያለ ኢንተርኔት ደግሞ ብዙም አይጠቅምሽም።

የመረጥሽውን ከመጫንሽ በፊት ከፍላሽ አስነስተሽ ሞክሪው፤ ዊንዶውሱን አይነካም። ቶሺባ ላይ ሲነሳ ኤፍ12 ደጋግመሽ ስትጫኚ ከምን ልነሳ ብሎ ይጠይቅሻል። ዋይፋዩን እይ፣ ድምፁን እይ፣ ክዳኑን ዘግተሽ ስትከፍቺው ይነቃ እንደሆነ እይ። የአንዳንድ አሮጌ ላፕቶፕ ዋይፋይ ካርድ ተጨማሪ ፋይል ካልወረደለት አይሠራም፤ ፋይሉን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ የዶሮና የእንቁላል ነገር ይሆናል። መውጫው ስልክሽ ነው። በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተሽ ስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ክፈቺ፣ ሊኑክስ ወዲያው ያውቀዋል። ድረ ገጽ ሁሉ «ደኅንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ እምቢ ካለሽ ደግሞ መጀመሪያ ሰዓቱን እይ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስትሞት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ሲስተሙን ስሳደብ ውዬ ጥፋቱ የባትሪዋ ነበር።

አሁን አንቺን የሚመለከትሽ ዋናው፣ አማርኛው። ማንም አልነገረሽም፣ ይገርመኛል። ሚንት ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አማርኛ የሚል ኪቦርድ ታገኚያለሽ፤ እኔ እሱ አልሆነልኝም። የሚሠራልሽ አይባስ ከሚባለው የኪቦርድ መቀያየሪያ ጋር ኤም17ኤን የተባለውን የአጻጻፎች ስብስብ ጭነሽ ከዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ፣ ሴራ (አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የመጻፊያ ዘዴ ስም ነው) የሚለውን ስትመርጪ ነው። ወጥተሽ እንደገና ግቢ፣ አለበለዚያ አይታይም። አጻጻፉ በስልክ ከለመድሽው ብዙ አይርቅም፤ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትመቺ «ሰላም» ይወጣል። ጠን ለማግኘት ሺፍት ይዘሽ ቲ፣ ጨን ለማግኘት ሺፍት ይዘሽ ሲ፣ አራት ነጥብ ደግሞ ሁለት ነጥብን ሁለቴ። እኔ ፓወር ግዕዝ ላይ ዓመታት የቆየሁ ሰው ሁለት ሳምንት አስቸገረኝ፣ ከዚያ እጄ ራሱ ለመደው።

ጣጣው ያለው አሮጌ ፋይሎችሽ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚስማሙበት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች፣ ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ነው ያስቀመጡት። ስለዚህ በእነሱ የተጻፈ የድሮ ፈተና ሊብሬኦፊስ ላይ (ሊኑክስ ላይ በወርድ ፈንታ የምትጽፊበት ነው) ስትከፍቺ የእንግሊዝኛ ፊደል ውጥንቅጥ ይሆንብሻል። አትደንግጪ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። የፎንት ፋይሎቹን ከዊንዶውሱ ገልብጠሽ ካመጣሻቸው ይነበባል። በዩኒኮድ የተጻፈው ደግሞ ያለ ችግር ይከፈታል፣ ብቻ ኒያላ የሚባለው ፎንት የማይክሮሶፍት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የለም። በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ይተካዋል፣ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ ሁለት ገጽ የነበረው ፈተና ሦስተኛ ገጽ ላይ በሁለት መስመር ይንጠለጠላል። ጽሑፍሽን ጨርሰሽ ወደ ማተሚያ ስትልኪ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ። እኔ ጋ የሚመጡ መምህራን ይኼን ቢያደርጉ ወረፋዬ በግማሽ ያጥር ነበር።

ትምህርት ቤታችሁ ያለው ፕሪንተር ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ከሆነ፣ ኤችፒ ፕሪንተሮችን ሊኑክስ ላይ ከሚያሠራው ኤችፒሊፕ ከሚባል ፕሮግራም ጋር አንድ ተጨማሪ ፋይል አንዴ ማውረድ አለበት፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይሠራል። ቴሌግራም ለሊኑክስ አለው። ፒችትሪ ግን ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። ባለቤትሽ ሒሳብ እሠራበታለሁ ካለ አስቀድሞ ይወቀው፤ እኔ እሱን ብዬ ነው አንዷን ኮምፒውተር በዊንዶውስ ያስቀረኋት።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል ላልሽው፣ የላፕቶፕሽ ባትሪ ካለቀ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ ማሻሻያ በሚጫንበት ሰዓት። እንዲህ ሆኖብኝ በማግስቱ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ጠበቀኝ። የተቋረጠውን የመጫን ሥራ የሚያስጨርስ የአንድ መስመር ትእዛዝ አለ፣ ስክሪኑ ራሱ ነገረኝ፣ ስጽፈው ተነሳ። ቢሆንም ማሻሻያውን መብራት በተረጋጋበት ሰዓት አድርጊው።

ሚንት ሲወርድ ወደ 3 ጊጋ ነው፣ አንቲኤክስ ወደ 2 ጊጋ። ለዚህ ብለሽ ፓኬጅ አትግዢ፣ ሁለቱም እኔ ጋ ስላሉ እገለብጥልሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ነይ፣ ጠዋት የማመልከቻ ሰልፍ አለ። ፍላሹ ከ8 ጊጋ ያላነሰ ይሁን። ውስጡ ያለው በሙሉ ስለሚጠፋ ግን የሰርግ ፎቶ ያለበትን እንዳታመጪ።