ቤር፣ ነብቅ፣ ቁርቁራ፦ ስለ ጁጁብ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ የምግብ ሳይንስ ስማር በጥርና በየካቲት ከኪሴ የማይጠፋው ፍሬ ይሄ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ቤት ያከራዩኝ አዛውንት ግን ቫይድያ ነበሩ፤ የአዩርቬዳ፣ ማለትም የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ሐኪም ማለት ነው። ታደክመኛለህ እስኪሉኝ ድረስ ስጠይቃቸው ኖሬያለሁ። ዛሬ ደግሞ ተራው የእናንተ ነው፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጁጁብ የሚባለው የእኛው ቁርቁራ ነው አይደል? አያቴ ቆቦ እያለች በጣሳ ትገዛልን ነበር።

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ወገናቸው ዚዚፈስ ይባላል። በእስያ ሱቆች ደርቆና ተጨማዶ «ቀይ ቴምር» እየተባለ የሚሸጠው የቻይናው ነው፣ ዚዚፈስ ጁጁባ። አዩርቬዳ «ባዳራ» የሚለው፣ ሕንዶች በየዕለቱ ቤር የሚሉት ደግሞ ዚዚፈስ ሞሪሺያና ነው። አያትህ የገዙላችሁ ዚዚፈስ ስፒና ክሪስቲ ሳይሆን አይቀርም፤ ስሙ «የክርስቶስ እሾህ» ማለት ነው፣ የእሾህ አክሊሉ ከእሱ ተጎነጎነ ከሚለው ትውፊት የመጣ። ዓረቦች ዛፉን ሲድር፣ ፍሬውን ነብቅ ይሉታል። የሕንዱም ዝርያ በእኛ ቆላ ይበቅላል፤ ሰዉ ሁለቱንም ቁርቁራ ነው የሚላቸው፣ ስለዚህ አያትህን ማረም አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጌሾም ከዚሁ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። ፑኔ ይህን ስሰማ ጠላ አማረኝ።

ጥያቄ፦ «ለልብ መድኃኒት መሆኑ በጥንቱ መጽሐፍ ተጽፏል» የሚል ቪዲዮ አየሁ። እውነት ነው?

ተጽፏል። አጻጻፉ ግን ሌላ ነው። ቻራካ ሳምሂታ የሚባለው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መጽሐፍ ዕፅዋትን በ50 ቡድን ከፍሎ በያንዳንዱ አሥር አሥር ያስቀምጣል። ባዳራ ከአንድ በላይ ቡድን ውስጥ አለ። አንደኛው «ህሪድያ» ይባላል፤ ለልብ የሚስማማ፣ ልብ ደስ የሚያሰኝ እንደማለት። ቪዲዮው የያዘው ይህቺን ነው። ግን አብረውት የተዘረዘሩትን ተመልከት፦ ማንጎ፣ ሮማን፣ ትርንጎ... አብዛኞቹ ጎምዛዛ ፍሬዎች ናቸው። እኔ የምረዳው አፍ የሚያድስ፣ የተዘጋ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ነገር ማለታቸው እንደሆነ ነው። እኛም «ልቤ ምግብ አልፈለገም» ስንል የደም ሥር መጥበብ እያወራን አይደለም። የደም ግፊት ክኒኑን ትቶ ቤር የሚበላ ሰው ቻራካን በደንብ አላነበበም።

ድካም የሚያስታግሱት ቡድን ውስጥም አለ፣ ከወይን፣ ከቴምር፣ ከሮማን፣ ከሸንኮራ አገዳና ከገብስ ጋር። ዝርዝሩን ስታዩት ለመንገደኛ የሚሰነቅ ቅርጫት ይመስላል። ስኳር አለው፣ ውኃ አለው፣ ድካም ቢያስታግስ ምን ይገርማል? ትውከት የሚያቆሙት ውስጥም ገብቷል፤ እዚያ ላይ ግን መጽሐፉ «ጎምዛዛው ባዳራ» ብሎ ለይቷል። ሆድ ለማለስለስ የሚረዱት ውስጥም አለ።

ጥያቄ፦ ጎምዛዛውን ከጣፋጩ ለምን ይለያሉ? አንድ ፍሬ አይደል?

ዋናውን ነገር ጠየቅሽ፣ እህቴ። እንደ አዩርቬዳ አስተሳሰብ አንድ ፍሬ አይደለም። ድሮ ትልቁንና ጣፋጩን ሳውቪራ፣ መካከለኛውን ኮላ፣ ትንሹን ጎምዛዛ የዱር ፍሬ ካርካንዱ እያሉ ለየብቻ ነበር የሚጠሩት። ያልበሰለው ፒታንና ካፋን ያነሳል ይላሉ፤ በእኛ አነጋገር ሙቀትንና አክታን እንደማለት ነው፣ በትክክል ባይገጥምም። በደንብ የበሰለው ጣፋጭ ደግሞ ቫታን (ነፋስ እንደማለት) እና ፒታን ያረጋጋል፣ ለሆድ ግን ከበድ ይላል። ደርቆ የከረመው ቀላል ነው፣ የምግብ መፍጨትን ያነቃቃል፣ ጥም ይቆርጣል። አዛውንቱ «ቤር ጥሩ ነው?» ስላቸው ሁሌ መልሳቸው ጥያቄ ነበር፦ «የቱ ቤር? ለማን? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ሕንድ ውስጥ ሰው እንዲሁ በየቀኑ ይበላዋል ወይስ መድኃኒት ቤት ነው የሚሸጠው?

ጋሪ ላይ! ሻጩ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጨውና ቀይ በርበሬ ነስንሶ ይሰጥሃል። ሂንዲ ተናጋሪው ቤር፣ የፑኔ ሰው ቦር፣ ቤንጋሊው ኩል፣ ታሚሉ ኢላንዳይ ይለዋል። ታሚሎች ከበርበሬና ሂንግ ከሚባል ሽታው ከሚከብድ ቅመም ጋር ወቅጠው ፀሐይ ላይ ያደርቁትና ኢላንዳይ ቫዳይ ብለው ይበሉታል፤ ሚጥሚጣ የለመደ አፍ ይወደዋል። ቤንጋል ውስጥ ደግሞ ተማሪዎች የትምህርት አምላክ የሚሏት ሳራስዋቲ በዓሏ ሳይከበር ኩል አይቀምሱም፤ ፈተና እንወድቃለን ብለው ነው። ከበዓሉ በኋላ ጠዋቱን ዛፉ ይራገፋል፣ አቻሩም፣ በቅመም ተዘፍዝፎ የሚቆየው፣ ይሠራል።

እኔ የምወደው የፑኔው ነው። በጥር 6 ገደማ፣ ለጥምቀት አምስት ቀን ሲቀር፣ ማካር ሳንክራንቲ የሚባል በዓል አላቸው። በዚያ ሰሞን ሕፃን ልጅ አስቀምጠው ከራሱ ላይ ቦር፣ የተቆራረጠ ሸንኮራና የፈነዳ ሩዝ ያፈሱበታል። ቦርናሃን ይባላል፣ የቦር መታጠቢያ ማለት ነው። የጎረቤት ልጆች ተሻምተው ይለቅማሉ። ፈንዲሻ ሲበተን ያደገ ሰው ምንም አይገርመውም።

ጥያቄ፦ እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ ልጄ። ብበላው ይጎዳኛል?

እማማ፣ ትኩሱና ደረቁ ይለያያሉ። 100 ግራም ትኩስ ጁጁብ 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ 69 ሚሊግራም አካባቢ፣ ከብርቱካን ይበልጣል። ሲደርቅ ውኃው ይሄድና ስኳሩ ይጠራቀማል፤ ደረቁን እንደ ቴምር ይቁጠሩት። ሁለት ሦስት ፍሬ ይብሉና ስኳርዎን ለክተው ይዩት። «ቤር ስኳር ያጠፋል» ብሎ ዱቄት ሊሸጥልዎ የሚመጣውን ግን አይግዙት።

ጥያቄ፦ ለእንቅልፍ ይጠቅማል ሲሉ ሰማሁ። ስንት ፍሬ ልብላ?

እዚህ ላይ ሁለት አገር ተደባልቋል። ለእንቅልፍ የሚታወቀው ሥጋው ሳይሆን ውስጡ ያለው ዘር ነው፤ ያውም የቻይናው የዱር ጁጁብ ዘር፣ በቻይና ባህላዊ ሕክምና። ባዳራ በልተህ እንቅልፍ ካልመጣ ጥፋቱ የቻራካ አይደለም። የእንቅልፍ ወይም የድብርት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ የዘሩን ምርት ሐኪምህን ሳትጠይቅ አትጨምርበት።

ጥያቄ፦ ባዳራ ያለበት የአዩርቬዳ ክኒን በኢንተርኔት ልዘዝ?

ፍሬውን ብላ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በቦስተን አካባቢ ሱቆች ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ሁሉም እንደዚያ ነው ማለት አይደለም፤ የትኛው ንጹሕ እንደሆነ ግን በዓይን አይታወቅም። እኔም አንድ ጊዜ ማሸጊያው ላይ ምንነቱ በቅጡ ያልተጻፈ ዱቄት ገዝቼ ለአዛውንቱ ባሳያቸው አሽትተው መልሰው ሰጡኝና «ገበያ ሂድ፣ በ20 ሩፒ ቦር ግዛ» አሉኝ።

ጥያቄ፦ ጨጓራ ላለበትስ?

በባዶ ሆድ ያልበሰለ ጎምዛዛ አትብላ። የበሰለውን ከምግብ በኋላ ሞክረው። ከጨጓራህ ጋር የምትኖረው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ ኩዌት ነው የምሠራው። እመቤቲቱ ፀጉሯን በሲድር ዱቄት ትታጠባለች። ይሄም ከዚሁ ዛፍ ነው?

አዎ እህቴ፣ ቅጠሉ ነው። ሳፖኒን የሚባል እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ነገር አለው። በእኛም ቆላ የቁርቁራ ቅጠል ለፎረፎር ይታሻል። ሙስሊሞች አስከሬን የሚያጥቡበትም ሲድር ይኸው ነው። የየመን የሲድር ማር ውድ የሆነውም ንቦቹ ይህን አበባ ስለሚቀስሙ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ሕንዶች ሱቅ ብትገቢ ትኩሱን ፍሬ ታገኚዋለሽ፤ አረንጓዴውን ሳይሆን ወደ ቢጫ የዞረውን ምረጪ።

ጥያቄ፦ የውስጡን ዘር ዋጥኩት! ሆዴ ውስጥ ይበቅላል?

አይበቅልም፣ ይወጣል። ለትናንሽ ልጆች ግን የውስጡን ዘር አውጥታችሁ ስጡ፤ ጠንካራና ሹል ነው፣ ጉሮሮ ይዘጋል። የቀሩትን ጥያቄዎች ነገ ማታ እመለስባቸዋለሁ፤ ስለ አቻሩ አሠራር የጠየቃችሁት አምስት ሰዎች ኮምጣጤና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ገዝታችሁ ጠብቁኝ።