«ሙሉ ቁጥር» ወይስ «ፍጹም ቁጥር»?

ጥያቄ፦ «33,550,336 ሙሉ ቁጥር ስለሆነ አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። ባልደረባዬ ዐረፍተ ነገሩ የተሳሳተ ነው አለኝ። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? ቁጥሩስ በግእዝ አኃዝ እንዴት ይጻፋል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው፤ ስህተቱም ሁለት ነው። «ሙሉ ቁጥር» የሚባለው ክፍልፋይ የሌለበት ቁጥር ሁሉ ነው። 10ም ሙሉ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ከእሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ 1፣ 2 እና 5 ቢደመሩ 8 ብቻ ይሆናሉ። እርስዎ የፈለጉት «ፍጹም ቁጥር» የሚለውን ነው፤ ይህም ከእሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡት ቁጥር ነው። እስካሁን የሚታወቁት ፍጹም ቁጥሮች እጅግ ጥቂት ናቸው፦ 6፣ 28፣ 496፣ 8,128፣ ከዚያ በኋላ ይህ የእርስዎ ቁጥር አምስተኛው ሆኖ ይመጣል።

ሁለተኛው ስህተት «አካፋዮቹ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ማንኛውም ቁጥር የራሱም አካፋይ ስለሆነ እንዲሁ ከተተወ ድምሩ እጥፍ፣ ማለትም 67,100,672 ይሆናል። ስለዚህ «ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ» ማለት ግድ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። 33,550,336 = 4,096 × 8,191 ነው። 4,096 የሚገኘው 2 በራሱ እየተባዛ 12 ጊዜ ሲጻፍ ነው፤ 8,191 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የለውም። ከ1 እስከ 4,096 በእጥፍ የሚያድጉት 13 አካፋዮች ሲደመሩ 8,191 ይሆናሉ። የቀሩት 12ቱ (8,191፣ 16,382 እያሉ በእጥፍ የሚሄዱት) 33,542,145 ይሆናሉ። ሁለቱን ድምሮች ይደምሯቸው፤ ቁጥሩ ራሱ ይወጣል። ይህን ያህል ትልቅ ቁጥር ሽርፍራፊ ሳይተርፈው መግጠሙ እጅግ ያምራል!

በዚህ አጋጣሚ፦ ቁጥር በሌላ ቁጥር ይባዛል፣ ለሌላ ቁጥር ይካፈላል። «33,550,336 ለ8,191 ይካፈላል» ሲባል አካፋዩ 8,191 ነው፤ ብዙዎች ይህን ይገለብጡታል።

በግእዝ አኃዝ ለመጻፍ ከቀኝ ጀምረው ሁለት ሁለት አድርገው ይክፈሉት፦ 33፣ 55፣ 03፣ 36። በቀኝ ጫፍ ያለውን ጥንድ (36) ምልክት አይከተለውም። ከእሱ በስተግራ ያለው ፻ን (መቶ)፣ ቀጥሎ ያለው ፼ን (አሥር ሺህ)፣ ከዚያ ያለው እንደገና ፻ን ያስከትላል። ለዜሮ ምልክት ስለሌለ 03 ፫ ብቻ ይሆናል። ውጤቱ ፴፫፻፶፭፼፫፻፴፮ ነው። አኃዞቹን አንድ በአንድ ተክቶ «፫፫፭፭…» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ የግእዝ አኃዝ ዋጋውን የሚያገኘው ከቦታው ሳይሆን ከ፻ እና ከ፼ ነው። በንባብ ግን በተለመደው አማርኛ «ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን አምስት መቶ ሃምሳ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት» ይበሉ።